የልጁ ደም ከአባቱ ቢለይስ? ስለ ዲኤንኤ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ስለ ዲኤንኤ ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን መረጃ ስለሚይዘው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይላል መልእክቷ። አሁን ትዳር ይዛለች፤ የአራት ወር ሕፃን አላት። የጠየቀችኝ ለፈተና ብላ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ጽሑፉን ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ላላያችሁት በአጭሩ ይህን ይላል። ሰው 3 ቢሊዮን ጂን አለው። ግማሹ ዲኤንኤያችን ከሙዝ ጋር አንድ ነው። የልጁ የደም ዓይነት የእናቱንም የአባቱንም ካልሆነ ልጁ ከሌላ ነው። «ገዥ ጂን» ያለው ወላጅ ልጁን ወደ ራሱ ይስባል። ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ማለት በሽታ ነው። ከዲኤንኤያችን 98 በመቶው ቆሻሻ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ዛሬ በዲኤንኤ ምርመራ የሰውን ብሔር በመቶኛ ማወቅ ይቻላል ብሎ ይዘጋል።

ሁሉም ስህተት ነው አልልም። ዲኤንኤ የተጠማዘዘ መሰላል እንደሚመስል፣ ከፊደሎቹም ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር እንደሚጣመሩ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ቅርጹን ይፋ እንዳደረጉ መጻፋቸውም ትክክል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ስም ግን አብሮ መነሳት ነበረበት። የኤክስሬይ ሥራዋ ለዚያ ግኝት ትልቅ መነሻ ሆኗል።

ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ተማሪ ቃል ሲያምታታ ማርክ ይቀነስበታል፣ አርሞ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ግን ክፍል ውስጥ አልቀረም። ቤት ገብቷል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ልስጥ።

ከቁጥሩ ልጀምር። 3 ቢሊዮን የሚሆኑት ጂኖቻችን አይደሉም፣ ፊደሎቻችን ናቸው። ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ የምንላቸው አራቱ። እነዚህ ፊደሎች የተሰለፉበት ቅደም ተከተል ሴኩዌንስ ይባላል። ጂን ከዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው አንድ ክፍል ነው። ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖቻችን 20,000 አካባቢ ናቸው። ሰልፉ ተጠቅልሎ፣ ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ደግሞ ክሮሞዞም ነው። 23 ከእናት፣ 23 ከአባት፣ በድምሩ 46። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ጂኖም እንለዋለን። በ2003 «የሰው ጂኖም ተነቦ አለቀ» ሲባል እንኳ 8 በመቶ ያህሉ ገና ነበር። ያ ክፍተት የተሞላው በ2022 ነው፤ የወንዱ ዋይ ክሮሞዞም ደግሞ በ2023። ስለ ቁጥሩ ይህ ይበቃል።

ሙዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሙዝ የእኔ ክፍል ቋሚ እንግዳ ነው። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ሙከራ እንሠራለን። የበሰለ ሙዝ በላስቲክ ውስጥ እናደርግና በእጃችን እንጨፈልቃለን። ውኃ፣ ጨውና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እንጨምርበታለን። ሳሙናው የሴሉን ቅባታም ሽፋን ይበትነዋል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አጥልለን ብርጭቆ ውስጥ እናደርገዋለን። ፍሪጅ ያደረ የሕክምና አልኮል በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርገን እናንቆረቁርበታለን። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ፣ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ላይ ነጭ፣ ድር የመሰለ ነገር መነሳት ይጀምራል። ልጆቹ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይጠቀልሉታል። ክፍሉ ጸጥ የሚለው ያኔ ነው። ያ ነጭ ነገር፣ ሌላም ነገር ቢቀላቀልበት፣ የሙዙ ዲኤንኤ ነው።

ታዲያ በእንጨቱ ላይ ዲኤንኤ አየን እንጂ አንድም ጂን አላየንም። ጂን በዚያ ክር ላይ ያለ ቦታ ነው፤ የሚገኘውም ፊደሎቹ ሲነበቡ ነው። የሙዙ ነገር የተምታታውም እዚህ ጋ ነው። የሰውን ጂኖች አንድ በአንድ ወስደን ሙዝ ውስጥ ዘመድ ያላቸውን ብንፈልግ፣ በእርግጥም ብዙ እናገኛለን። የሙዝ ሴልም ስኳር ያቃጥላል፣ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፣ ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ ሥራዎች ጥንታዊ ናቸው። ጂኖቹ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ግን ፊደሎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። ጽሑፉ ጂንን ከፊደል ጋር አንድ አድርጎ ስለጀመረ፣ ይሄኛውም አብሮ ተበላሸ።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ አንቀጽ ልምጣ። ስለ ደም ዓይነት የተጻፈው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት ጎረቤታችን ቤቴ መጣች። ስሟን አልጠቅስም። ሦስት የደም ዓይነት ውጤቶች በትንሽ ፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። የእሷ ኤ፣ የባሏ ቢ፣ የልጃቸው ኦ። ባሏ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነጋገራትም። አንድ የሥራ ባልደረባው «ኤ እና ቢ ኦ አይወልዱም» ብሎት ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አንተ አስተማሪ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደብተር አወጣሁና ጀርባው ላይ አራት ሳጥን ሠራሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ዓይነትን የሚወስነው ጂን 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሁላችንም ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። አንድ ሰው ኤ ነው ሲባል ሁለቱም ቅጂዎቹ ኤ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም አንዱ ኤ፣ ሌላው ኦ። ውጤቱ ላይ ሁለቱም «ኤ» ተብለው ነው የሚጻፉት። ቢም እንደዚያው ነው። እናት ኤ እና ኦ፣ አባት ቢ እና ኦ ይዘው ከሆነ፣ እናት ከሁለቱ አንዱን ትሰጣለች፣ አባትም ከሁለቱ አንዱን ይሰጣል። ሳጥኖቹ ሲሞሉ አንዱ ኤቢ፣ አንዱ ኤ፣ አንዱ ቢ፣ አንዱ ኦ ይሆናሉ። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አራቱም የደም ዓይነት ሊወለድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ኦ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ደብተሩን ይዛው ሄደች። በነጋታው ከሰዓት ባሏ ራሱ መጣ። ሳጥኖቹን በጣቱ እየነካ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ብዙ አላወራም። ሲወጣ ግን «ልጁ እናቴን ነው የሚመስለው፣ እኔ ነኝ ያላየሁት» አለ።

ለዚህ ነው ያ አንቀጽ ዝም የማያሰኘኝ። ስንት ቤት ውስጥ እንደገባ ማን ያውቃል?

ደግሞ ከሳጥኑ በታች ያለው ታሪክ ራሱ ደስ የሚል ነው። ኤ፣ ቢ እና ኦ በፊደል ደረጃ ምንድን ናቸው? የኤ ቅጂ የሚያሠራው ኢንዛይም (ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን) በቀይ የደም ሴል ላይ አንድ ዓይነት ስኳር ይለጥፋል። የቢ ቅጂ ሌላ ዓይነት ስኳር ይለጥፋል። በሁለቱ ኢንዛይሞች መካከል ያለው ልዩነት አራት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ብቻ ነው። ኦ ደግሞ አይለጥፍም። ለምን? በብዛት በሚገኘው የኦ ቅጂ ላይ ከጂኑ አንዲት ፊደል ወድቃለች። አንዲት ጂ።

አንዲት ፊደል ይህን ያህል ታደርጋለች? ታደርጋለች። ፊደል ስንቆጥር ሁላችንም «አበበ በሶ በላ» ብለን ነው ያደግነው። ለዛሬ ትንሽ ላስተካክላትና «አበበ በሶን በላው» እንበል። ሦስት ቃል፣ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል። ሴል በቃላት መካከል ክፍተት አያውቅም። ለእሱ ጽሑፉ «አበበበሶንበላው» ነው። ሦስት ሦስት እየቆጠረ ያነባል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ያስገባል። ሦስቱ ፊደል አንድ ላይ ኮዶን ይባላል። አሁን ከመጀመሪያው ቃል አንዲት «በ» ትውደቅ። ቆጠራው ሲቀጥል «አበበ ሶንበ ላው» ይሆናል። አበበ ደህና ነው። ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሸ። የኦ ቅጂም የደረሰበት ይኸው ነው። ከወደቀችው ጂ በኋላ ንባቡ ይዛባል፤ ጥቂት እንደሄደ ያለቦታው የማቆሚያ ኮዶን ይመጣና ፕሮቲኑ አጭር ሆኖ ይቀራል። ሥራ አይሠራም። ይህ ቢሆንም ኦ የሆነ ሰው ፍጹም ጤነኛ ነው። ምናልባት እናንተም ኦ ናችሁ።

ፊደል ሳትወድቅ ብትለወጥስ? «አበበ በሶን ጠላው» እንበል። ቆጠራው አልተዛባም፣ ዓረፍተ ነገሩም ይነበባል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ የሚመጣው እንዲህ ነው። 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው የሄሞግሎቢን ጂን ውስጥ ጂኤጂ የነበረው ጂቲጂ ይሆናል። አንድ አሚኖ አሲድ ይለወጣል።

የደም ዓይነት ስለ አባትነት ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። ወላጅ ኤቢ ሆኖ ልጅ ኦ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም ወላጆች ኦ ሆነው ልጅ ኤ ከሆነ፣ በተለመደው አካሄድ አይገጥምም። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ ምርመራውን መድገም ነው። ናሙና ይቀያየራል፣ ካርድ ላይ በስህተት ይጻፋል። ከዚያም አልፎ ሕጉን የሚያፈርሱ እምብዛም የማይገኙ ቅጂዎች አሉ። የደም ዓይነት ጥርጣሬን ሊያነሳ ይችላል፤ ፍርድ ለመስጠት ግን አይበቃም።

ለአባትነት የሚሆነው ምርመራ ሌላ ነው፣ እሱም እንዴት እንደሚሠራ ጽሑፉ አልነካውም። ዲኤንኤያችን ላይ አጭር ቃል እየተደጋገመ የሚሄድባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፣ በሙያው ቲኤች 01 ይባላል። እዚያ ኤኤቲጂ የሚለው አራት ፊደል ይደጋገማል። አንዱ ሰው ላይ ስድስት ጊዜ፣ ሌላው ላይ ሰባት፣ ሌላው ላይ ዘጠኝ። ልጁ ስድስትና ዘጠኝ ካለው፣ እናቱ ስድስትና ሰባት ካላት፣ ስድስቱ ከእሷ ነው። ዘጠኙ ከአባት መምጣት አለበት። በአንድ ቦታ መግጠም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ዘጠኝ ያለው ሰው ብዙ ነው። ሃያ ያህል ቦታዎች አንድ ላይ ሲታዩ ግን በአጋጣሚ ሁሉም የመግጠማቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ይሆናል። አሜሪካ ያለ አባት ልጁን በቪዛ ለማምጣት ሰነድ ሲጎድለውና ኤምባሲው የዲኤንኤ ውጤት አቅርብ ሲለው የሚደረገው ይህ ነው። ተቀባይነት የሚያገኘው ውጤት ቢያንስ 99.5 በመቶ እርግጠኝነት ያለው ነው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የደረሳችሁ ሰዎች፣ የደም ዓይነት ካርድ ይዛችሁ አትጨነቁ። ማንም አይጠይቃችሁም።

«ገዥ ጂን» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቃሉ ራሱ ነው ሰው ያሳሳተው። ገዥ ሲባል ኃይለኛ፣ አሸናፊ፣ የበዛ ይመስላል። በጀነቲክስ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፦ አንድ ቅጂ ብቻውን ውጤቱን ማሳየት ከቻለ ነው እንዲያ የሚባለው። ኤ ለኦ «ገዥ» የሆነው ኤ ስኳር ስለሚለጥፍ፣ ኦ ደግሞ ስለማይለጥፍ ነው። ትግል የለም። ኤ እና ቢ ሲገናኙ ሁለቱም ይለጥፋሉ፣ ማንም ማንንም አይገዛም። ገዥ ማለት የበዛ ማለትም አይደለም። ስድስት ጣት ሆኖ መወለድ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጂ ብቻ የሚተላለፍ ነው፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ስንት ስድስት ጣት ያለው ሰው ታውቃላችሁ? የአባት ወገን ያይላል፣ የእናት ወገን ያይላል የሚባል ነገር በጂን ውስጥ የለም። ልጅ ከሁለቱም 23፣ 23 ነው የሚወስደው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ ጽሑፉ ባያነሳውም። የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ፍሬ የያዘው ክሮሞዞም ነው፣ ኤክስ ወይም ዋይ። እናት ያላት ኤክስ ብቻ ነው። ሴት ብቻ ወለደች ተብላ የተወቀሰች፣ የተፈታችም ሴት በዚህ አገር ብዙ ናት።

ሚውቴሽን በሽታ ነው የሚለውንና 98 በመቶው ቆሻሻ ነው የሚለውን አንድ ላይ ልመልሳቸው፣ ምክንያቱም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። ወተት ላይ።

ሕፃን ሁሉ ወተት የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፤ ላክቴዝ ይባላል። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ካደገ በኋላ ኢንዛይሙ ይቀንሳል፣ ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል። አንዳንዱ ግን እስከ እርጅና ይጠጣል። ልዩነቱ የት ነው? ኢንዛይሙን በሚያሠራው ጂን ውስጥ አይደለም። ከእሱ 14,000 ፊደል ገደማ ርቆ፣ ጎረቤት ጂን መሀል፣ ምንም ፕሮቲን በማያሠራ ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ እንደ መብራት ማብሪያ ነው። አውሮፓውያን ላይ ቁጥር 13,910 የምትባለው ፊደል ከሲ ወደ ቲ ተለውጣለች። እኛ ጋ ሲፈለግ ግን ሌላ ተገኘ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወተት ጠጪ በሆኑ ሰዎች ላይ ከተገኙት መካከል 13,907 እና 13,915 ላይ ያሉት ለውጦች ይገኙበታል። ከአውሮፓው በሦስትና በአምስት ፊደል ብቻ ይርቃሉ። ከብትና ግመል እያረቡ የኖሩ ሕዝቦች በተለያየ አገር፣ በየራሳቸው መንገድ፣ እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ደረሱ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ይህ ሚውቴሽን ነው። በሽታም አይደለም። የሚገኘውም ጽሑፉ «ቆሻሻ» ባለው ውስጥ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምር፣ የወባ ነገር ስለሆነ። በአገራችን የጤና ጣቢያ በር የረገጠ ሰው ሁሉ ቫይቫክስና ፋልሲፓረም የሚሉትን ስሞች ያውቃል። የቫይቫክስ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት ዳፊ በሚባል ፕሮቲን ይጠቀማል። የዳፊ ጂን ፊት ለፊት ባለው ማብሪያ ላይ አንዲት ቲ ወደ ሲ ከተለወጠች፣ ቀይ የደም ሴሉ ያን ፕሮቲን አያወጣም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ይህ ለውጥ ስላለው ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዳፊ ያለውም የሌለውም አብሮ ይኖራል፤ በሽታውም አለ። ከዚህም አልፎ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይ ቫይቫክስ መገኘቱ እዚሁ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ተውሳኩ ሌላ መግቢያ ይኖረው ይሆን የሚለውን ተመራማሪዎች አሁንም እየፈለጉ ነው። እና ይህ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንዲት ፊደል ነው፣ ፕሮቲን በማያሠራ ቦታ ላይ ስላለች።

እውነት ነው፣ ፕሮቲን የሚያሠራው ከጂኖማችን 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረውም ውስጥ የታወቀ ሥራ ያልተገኘለት ብዙ ክፍል አለ። ያ ማለት ግን በጅምላ የሚጣል ነው ማለት አይደለም። አባትነትን የሚያረጋግጠው ኤኤቲጂ ራሱ የሚገኘው እኮ ፕሮቲን በማያሠራው ክፍል ውስጥ ነው።

አሁን መጨረሻው። የብሔሩ ነገር።

አማርኛችን እዚህ ላይ በቀላሉ ያደናቅፋል። ጂንን በአማርኛ ዘረመል ስንል ውስጡ «ዘር» አለ። ዘር የእህል ነው። ዘር የቤተሰብ ሐረግ ነው። ሰው ሲቧደን ደግሞ ዘር ብሔር ይሆናል። ጽሑፉ ስለ ዘረመል ጀምሮ፣ ሳይታወቀው ስለ ዘር እያወራ ጨረሰ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ግን የለም። አማራ የሚል ፊደል የለም። ኦሮሞ የሚል ፊደል የለም። ትግራዋይ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ የሚል ጂን የለም። ብሔር በቋንቋ፣ በአስተዳደግ፣ በታሪክ ነው የሚኖረው። ደግሞም ልዩነታችን በአብዛኛው የሚገኘው በሕዝቦች መካከል አይደለም። የጀነቲክስ ተመራማሪው ሪቻርድ ለዎንቲን በ1972 አስልቶ እንዳሳየው፣ ከሰዎች የጀነቲክ ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የሚታይ ነው።

ታዲያ እነዚያ መቶኛዎች ከየት ይመጣሉ? ምርመራውን የሚሠራው ኩባንያ አስቀድሞ ናሙናቸውን ከሰበሰባቸው ሰዎች ጋር ያወዳድርሃል። የመደባቸው ስም የተሰጠው በኩባንያው ነው። መቶኛውም ግምት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ ሁለት የአጎቴ ልጆች ባለፈው ዓመት ተመረመሩ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው። የአንዷና የሌላዋ ቁጥር ተለያየ፣ ደንግጠው ደወሉልኝ። ምንም የሚያስደነግጥ የለውም። ከወላጅ ግማሹን ነው የምንወስደው፣ የትኛውን ግማሽ የሚለው ግን ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይታደላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩባንያው ማወዳደሪያውን ሲያሻሽል የሁለቱም ቁጥር እንደገና ተቀየረ። ዲኤንኤያቸው ግን ያው ነው።

ወላጆቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ 128 የአያት ቅድመ አያት ቦታ አለ። አሥር ትውልድ ብንሄድ 1,024። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዳንዶቹ ምንም ፊደል አላወረሱንም፣ በዕጣው ወቅት ወድቀዋል። አያቶቻችን አይደሉም ማለት ግን አይደለም። እንግዲህ «ንጹሕ» የሚለው ቃል የቱ ላይ ይቀመጥ?

ስለ ሕዝብ መናገርና ስለ አንድ ሰው መናገርም የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ከእኛው አገር ጥሩ ምሳሌ አለ። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል፣ ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚለውጥ ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን አለ። ከተመረመሩት 29 በመቶው ይህን ጂን ተደራርቦ፣ ከተለመደው በላይ ቅጂ ይዘውት ተገኙ። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ያለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻ ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚህ ኢንዛይም ነው። ቅጂው የበዛ ሰው ላይ ለውጡ ይፈጥናል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ለሕፃን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ እናቶች፣ ከወሊድ በኋላ ማስታገሻ ሲታዘዝላችሁ ይህን ለሐኪማችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ልብ በሉ ግን፣ 29 በመቶው አላቸው ማለት 71 በመቶው የላቸውም ማለት ነው። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» የሚለው ብቻውን የእኔን ቅጂ ቁጥር አይነግርም። እሱን የሚነግረው የእኔ ምርመራ ነው።

የሞጣን ነገርም ጽሑፉ ስለጠቀሰው ላስተካክል። «ሞጣ» ከተገኘ የጥንት ሰው አጥንት ተነስቶ፣ የመላው አፍሪካ ሕዝብ ከእስያ ወገን ደም የተቀላቀለበት መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። በመጀመሪያ ቦታው ጎጃም ያለው ሞጣ አይደለም፣ ጋሞ ደጋ ላይ ያለው ሞታ ዋሻ ነው። እዚያ የተገኘው ሰው የኖረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው። በ2015 ጂኖሙ ሲታተም ከአፍሪካ የጥንት ሰው የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ጂኖም ሆነ። ዛሬ ካሉት ጋር ሲወዳደር ለኣሪ ሕዝብ የቀረበ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሰው ድምዳሜም ያኔ በእርግጥ ታትሞ ነበር። ነገር ግን በ2016 መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ማረሚያ አወጡ። መረጃውን በኮምፒውተር ሲያዘጋጁ አንድ እርምጃ ተዘልሎ ነበር። ከውጭ የገባው ዘር ምሥራቅ አፍሪካ ላይ መታየቱ አልተለወጠም፤ መላውን አፍሪካ ያዳረሰ ነው የሚለው ግን ተነሳ። ያ ማረሚያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ የተሳሳተው ግን ዛሬም በአማርኛ እየዞረ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። እርስዎ ለማስተማር ብለው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ሌላውን ቀስ ብለው ያርሙት። የደም ዓይነቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡልን፣ ሲያወጡትም ለምን እንዳወጡት ይጻፉ፤ ያነበበው ሰው ማረሚያውንም ያንብብ።

ለተማሪዬ መልሼ ጻፍኩላት። የደም ዓይነታችሁ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እሷ ኤ፣ ባሏ ኤቢ፣ ሕፃኑ ቢ። እንደ ጽሑፉ ቢሆን የልጁ ከሁለቱም አይገጥምም። አራት ሳጥን በወረቀት ሠርቼ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። እናት ኤ እና ኦ ይዛ ከሆነ፣ በሦስቱ ሳጥኖች ኤ፣ ኤ እና ኤቢ ይገባሉ። አራተኛው ቢ ነው።